ወደ ባሌ ተራራ የሄደው ቦንዳ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነውን ሰዎች አስቀድሜ ልቁጠር። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ከጎጃም በረንዳ ገባ ብሎ ብርድ ልብስና የቦንዳ ልብስ በጅምላ የምሸጥ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛዋ ታላቋ ልጄ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም ያለባት። አብረዋት የሚጓዙ አራት የክፍል ጓደኞቿ አሉ። ከዚያ የሱቅ ጎረቤቴ አለ፤ የስልጤ ሰው፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ቦንዳ በማሰር ግን የሚስተካከለው የሌለ። የመጨረሻው የሚኒባሱ ሾፌር ነው።

ልጄና ጓደኞቿ ለመመረቂያ ጥናታቸው ባሌ ተራራ ላይ አምስት ቀን ሊያድሩ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ። እኔ ባሌን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ትምህርት ቤትም አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድኩት ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ላይ ነው። ሊያድሩበት ስላሰቡት የሳነቴ ሜዳ ግን በስልኬ ፈልጌ አነበብኩ። ብርዱ ውሃ ያረጋል፣ አየሩም ስስ ነው ይላል። “አየሩ ስስ ነው” የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለኝ። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ ሌላ ዋጋ እየነገርኩ ሁለቴ ከሰርኩ።

ልከለክላት አስቤ ነበር። አትሄጂም ብል አትሄድም፤ ቤቴ እንደዚያ ነው። ነገር ግን ልጅን ተማሪ ብሎ አስተምሮ፣ ትምህርቱ ሩቅ አገር ሲወስዳት በር መዝጋት ውሸታምነት ነው። ስለዚህ መከልከሉ ሲያቅተኝ ዕቃ ማሸጉን ያዝኩት።

በመነሻዋ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን የጀርባ ሻንጣ አሳየችኝ።

“አባዬ፣ ይቺ ትበቃኛለች።”

“ይቺ የዳቦ ከረጢት ናት” አልኳት። “ብርድ ልብሱስ?”

“የመኝታ ከረጢት ተከራይተናል እኮ።”

“ሰው የተኛበት ከረጢት! የብርድ ልብስ ነጋዴ ልጅ ሆነሽ?”

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና “አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ታውቃለች፣ ተዋት” አለች። አልተውኩም። ልጄ ፀጉሯን ልትሠራ ስትወጣ ጎረቤቴን ጠርቼ ሥራ ጀመርን። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አራት ሹራብ፣ ካፖርት፣ ጋቢ፣ ስድስት ጥንድ ካልሲ፣ አንድ ፌስታል በሶ።

“ጋሼ፣ ልጅቷን ነው ሱቁን ነው የምንልከው?” አለኝ ጎረቤቴ።

“አንተ እሰር።”

ወደ ክፍለ ሀገር ዕቃ ስንልክ አንድ ልማድ አለን። ተራው ዕቃ ከውጭ ይሆናል፣ የሚወደደው መሀል ይገባል። በመንገድ ላይ የሌባ እጅ ማዳበሪያውን ቢቀድ የሚያገኘው አሮጌ ሸሚዝ ነው። ከዚያ ሁለት ሰው ላዩ ላይ ይቆማል፤ ሲጠቀጠቅ ሲባጎው ውሃ ተነክሮ ይታሰራል፣ ሲደርቅ ቋጠሮው ድንጋይ ይሆናል።

የልጄ ትንሿ የትከሻ ቦርሳ ወንበር ላይ ነበረች። ከፍቼ አየኋት። የምትስበው የአስም መድኃኒት፣ ልጆቹ ፓፍ የሚሉት፣ አንዱ የጀመረችው አንዱ አዲስ፣ ሁለቱም እዚያ ናቸው። ልቤ ደነገጠ። መርካቶ ያደገ ሰው ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳን የራሱ አድርጎ አያስበውም፤ ገና ያልተወሰደ ነው። ሁለቱንም አውጥቼ በካልሲ ጠቀለልኩና ቦንዳው መሀል ከተትኳቸው። ጎረቤቴና እኔ ላዩ ላይ ወጥተን ረገጥነው።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ልጄ በሰው ፊት ያንን ነገር አውጥታ ስትስብ ማየት አልወድም። “ለማን ትዳራለች” የሚል አሮጌ ሐሳብ ነው። አፍሬበት እንኳ አልተውኩትም።

ጠዋት ሚኒባሱ ሰፈራችን ተክለ ሃይማኖት ድረስ መጣ። ቦንዳው ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ተጫነ፤ የሌሎቹ ሻንጣና ድንኳን ከላዩ። ልጄ ጉንጬን ስማ ገባች። ቦርሳዋን አንዴ አሰናድታዋለችና ዳግመኛ አላየችውም። እኔም በብልሃቴ ኮርቼ፣ በግርግሩ መሀል ሳልነግራት ቀረሁ።

ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ሱቅ ደወለች። “መድኃኒቷን ይዛለች አይደል?”

“በደንብ ነው ያስቀመጥኩት።”

“ያስቀመጥኩት ማለት? የት?”

ስነግራት “አሁኑኑ ደውልላት!” ብላ ስልኩን ዘጋችው። ልጄ ጋ ደወልኩ፤ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ጠዋት ቁጥር የተለዋወጥነውን ሾፌር ሞከርኩ፤ አነሳ።

“ፋዘር፣ ልደውልልዎ ስል ነው። ከአሰላ አልፈናል። አቧራው ነው መሰለኝ ያስላታል። ቦርሳዋን ገልብጠው መድኃኒት እየፈለጉ ነው።”

“ቦርሳው ውስጥ የለም። ቦንዳው ውስጥ ነው።”

“የቱ? ይሄ ጣሪያ ላይ ያለው?”

“እሱ። መሀሉ ላይ።”

“ፋዘር፣ እሱ እኮ ከሁሉም ዕቃ ሥር ነው!”

ስልኩን እንዳይዘጋ ለመንኩት። ነፋስ ይሰማል፣ ከባድ መኪና ያልፋል፣ ልጆቹ “ያዝ! ጣለው!” ይባባላሉ። ከሁሉም በታች አንድ ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል። የልጄን ትንፋሽ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ጎረቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። “የግራውን ጫፍ ፈልግ! ወደ ውስጥ ግፋው፣ አትጎትተው!”

“ወንድሜ፣ ግራና ቀኙ አንድ ሆኗል! ጥፍሬ ተነቀለ!”

ጎረቤቴ ሲባጎ ሲቆረጥ አይወድም። አንድ ሠራተኛ መቀስ ቢያነሳ ቀኑን ሙሉ የሚቆጣ ነው። “ወላሂ፣ በቢላ በጥሰው! ሁሉንም በጥሰው!” ብሎ ጮኸ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ካልሲው እስኪገኝ ድረስ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። ደንበኛ መጥቶ ሲያናግረኝ ምን እንዳልኩት አላስታውስም። በመጨረሻ አንዲት ጓደኛዋ “አገኘነው፣ እየሳበች ነው” አለች። ሆኖም ዘግይቶ ስለነበር ፓፉ ብቻ አልበቃም። በአቅራቢያው ከተማ ክሊኒክ ወስደው ኦክሲጅን አደረጉላት፤ ሁሉም እዚያው አደሩ።

በማግስቱ ራሷ ደወለች። ድምጿ ደክሟል።

“ተመለሺ” አልኳት።

“አልመለስም አባዬ። ሐኪሙ ተጠንቅቀሽ ሂጂ ብሎኛል። መድኃኒቴ አሁን ኪሴ ውስጥ ነው።”

“ለሌባ ፈርቼ ነው።”

“አውቃለሁ።”

ሁለተኛውን ምክንያት አልነገርኳትም። እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ልጅን የሚጠብቅ አባት ምን እንደሚያደርግላት አስቀድሞ ሊነግራት ይገባል፤ ተደብቆ የሚደረግ ጥንቃቄ ግማሹ ለራስ ነው።

በደህና ተመለሰች፤ ፊቷ በፀሐይ ተልጦ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ እያወራች። ክሊኒክ ያደሩበት ቀን ተጨማሪ ወጪ ሲነሳ ገንዘብ አውጥቼ “ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ” አልኩ።

“ጥፋቱ ያንተ ነው” አለች ልጄ። “ሁሉን ከከፈልክ ግን በሚቀጥለውም አንተ ልታሽግልኝ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረናል፤ እኩል ነው። ያንተም አንድ ድርሻ ነው።”

ተናድጄ ነበር። ባለቤቴ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ጎረቤቴም ይህን ሲሰማ “ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ለምን ትዘላላችሁ?” ብሎ ተቆጣ፤ ሰው ሁሉ “ተው፣ አትክፈል” ብሎ ቢለምነው እምቢ አለ።

ሚኒባሱ ለዋለበት ለአንድ ቀን ሰባት ሺህ አምስት መቶ፣ ለክሊኒኩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ፣ ለሁሉም አልጋና ምግብ አራት ሺህ አራት መቶ። ድምሩ አሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር፤ ለአምስቱ ተማሪዎች፣ ለጎረቤቴና ለእኔ፣ ለሰባት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዳችን ሁለት ሺህ ሃምሳ።