ከወንድሟ ጋር የማትነጋገረው ሊቀመንበር

ኡናይሲ በመንደራችን የማታናግረው ሰው የለም። ከዓሣ አጥማጁ ጋር ስለ ዓሣ፣ ከፓስተሩ ጋር ስለ ኃጢአት፣ ከዓሣ አጥማጁ ሚስት ጋር ደግሞ ስለ ፓስተሩ ታወራለች። አንድ ጊዜ ሳቩሳቩ ገበያ ጎደሬ ልትገዛ ወጥታ በወሬ ምክንያት አውቶቡስ አመለጣት፤ ያውም ስታወራ የነበረው ከሹፌሩ ጋር ነው።

ዕድሜዋን በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አሳልፋለች። የመንደሩን ልጆች ግማሹን በጭልፋ አብልታ፣ ግማሹን በጭልፋ መትታ አሳድጋለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ምሽቷን ለጭፈራ ማኅበራችን ሰጠችው፤ በኋላም ሊቀመንበር አድርገን ስንመርጣት ማንም አልገረመውም።

ማኅበሩ ደሞዝ የሚባል ነገር የለውም። ያለው አንድ አዳራሽ፣ አንድ የእንጨት ከበሮ፣ ብዙ ሰሌንና ከሰሌኑ የሚበልጥ ኩርፊያ ነው። ደሞዝ በሌለበት ቦታ ሰው የሚመጣው ደስ ስላለው ነው፤ የከፋው ዕለት ማባረርም መቅጣትም የለም፣ ራሱ ቀድሞ ይቀራል። ከኡናይሲ በፊት የነበሩት ሊቀመንበር የቀረውን ሁሉ «እግዚአብሔር ይርዳው» ብለው ያልፉት ነበር። በመጨረሻ እግዚአብሔር የሚረዳው ሰው ከሚጨፍረው በለጠ።

እሷ እንዲህ አላደረገችም። የቀረ ሰው ካለ ካሳቫዋን ቀቅላ ቤቱ ትሄዳለች፣ ሰሌኑ ላይ ትዘረጋጋለች፣ «እሺ፣ ምን አድርገንህ ነው?» ትላለች። ሰውየው «ምንም» ይላል። እሷ መብላት ትጀምራለች። ያመጣችውን ስትጨርስ የሱን ትጀምራለች። እስከዚያ ድረስ የማይናገር ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያም ያለ እሱ ማኅበሩ ሊኖር የማይችል ሰው ነው። አፒሳይ ይባላል። ከበሮውን የሚመታው፣ ዘፈኑን የሚያወጣው እሱ ነው። ጭፈራችን ተቀምጦ በእጅ የሚጨፈር ነውና፣ እሱ ካልመታ እኛ ሴቶቹ በሰልፍ የተቀመጥን ሴቶች ብቻ ነን፤ ጭፈራ አይባልም። አፒሳይ የኡናይሲ አባት ወንድም ልጅ ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ወንድም ነው፤ ወንድምና እህት ደግሞ ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፣ አይቀላለዱም፣ አንድ ሰሌን ላይ አይቀመጡም። ጠብ አይደለም፣ ክብር ነው። ከተማ የገቡት ትተውታል፤ እኛ ግን ገና አልደከመንም።

በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ኢሶዋ ነበር፤ የአባቶቻቸው እህት ልጅ። እንዲህ ያለ የአክስት ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱንም እንደ ልቡ ይሰድባል፣ ቢሰድቡትም አይቀየምም። በእናቱ መንደር፣ ማለት በእኛ ዘንድ፣ ደግሞ ያማረውን ሁሉ ሳይጠይቅ ያነሳል፤ ይህም መብቱ ነው። ድምፁ ጎረቤት ደሴት ይሰማል።

ኡናይሲ «ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ልምምድ አለ በለው» ትለዋለች።

ኢሶዋ ከአፒሳይ አጥር ማዶ ቆሞ፣ «አንተ የደረቀ ኮኮናት! እህትህ ነገ ና ትልሃለች። ታጥበህ ና አላለችም፤ እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ» ይላል።

«አንተ የእናትህን መንደር ካሳቫ ሰርቀህ ስትጨርስ እመጣለሁ በላት» ይላል አፒሳይ።

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ፤ ልምምድም ቀርቶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ከዋና ከተማው ከሱቫ አንድ ወጣት አሠልጣኝ መጣልን። እንደኛ ያሉ ማኅበራትን እንዴት መምራት እንደሚገባ የሚያስተምር፣ የአዳራሹን ግድግዳ በትልልቅ ወረቀት የሸፈነ ጨዋ ልጅ ነው። «ጥሩ መሪ ዓይን ለዓይን እያየ ይነጋገራል» አለ።

ኡናይሲ እጇን አወጣች። «ዓይኑ የወንድሜ ቢሆንስ?»

ልጁ እሱም እህቶች አሉትና አንገቱን ደፋ። «እንግዲያስ፣ እትዬ፣ የሚያምኑትን ሰው ይልካሉ» አለ።

ሁላችንም ዞረን ኢሶዋን አየነው። የአሠልጣኙን ምሳ እየበላ ነበር።

ነገር የተበላሸው ሱቫ ላይ በሚደረገው የባህል በዓል እንድንጨፍር በተጋበዝን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ግብዣ ደርሶን አያውቅም። ልምምዱ ሲጠነክር ከበሮው ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። እኛ አጨብጭበን እጃችንን አውርደናል፤ ከበሮው ስብከት ካለቀ በኋላ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ቀስ ብሎ ይመጣል። ኡናይሲ ሁላችንም ባለንበት ለኢሶዋ፣ «ከበሮው ዘግይቷል፣ ምን ሆኖ ነው? በለው» አለችው።

ኢሶዋ አፒሳይ ወደሚያርፍበት ደጅ ሄዶ እየሳቀ ተመለሰ። «ጆሮዬ ደንቁሯል በላት አለኝ፣ ያ ፍየል።»

ኡናይሲ አልሳቀችም። «ሂድና ከልቤ ነው የምጠይቀው በለው።»

እንደገና ሄደ። «እኔም ከልቤ ነው፣ ደንቁሬያለሁ በላት አለኝ። ይህን ሲል ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢሶዋ አንድም ቃል አልጨመረም፣ አንድም አላጎደለም። ግን እሱና አፒሳይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲቀላለዱ የኖሩ ናቸው። አንዱ «ሞቻለሁ» ቢል ሌላው «ሽታህ ነግሮኛል» ይለዋል እንጂ አያለቅስም። በኢሶዋ አፍ የገባ ነገር ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይወጣል። ኡናይሲም የሰማችው ቀልድ ነው፤ ያውም መራራውን። በሰው ፊት ስለ ከበሮው ተናገርኩ፣ ወንድሜን አዋረድኩት፣ እሱም አላገጠብኝ አለች። በሚቀጥለው ልምምድ አፒሳይ ቀረ። ከዚያም በኋላ ቀረ።

ሚስቱ ብትኖር አንድ ነገር ይታወቅ ነበር፤ እሷ ግን የወለደች ልጃቸውን ልታርስ ሱቫ ሄዳለች። ወደ ሱቫ በመርከብ የምንሄድበት ቀን እየቀረበ መጣ። ኡናይሲ ካሳቫ ይዛ ቤቱ ልትዘረጋጋ አትችልም። ዝም አለች። አውቶቡሱ ሰዓቱን አክብሮ መነሳት ሲጀምር መንደሩ በሙሉ ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቀ።

ላይሳኒ፣ አጠገቤ የምትጨፍረው፣ «ሌላ ከበሮ መቺ ከታች መንደር እንዋስ» ብላ ሐሳብ አቀረበች።

«ሱቫ ቢቀር ይቀራል» አለች ኡናይሲ። «ወንድሜ ተቀይሞኝ ልቀበር ነው ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

በመጨረሻ በደንቡ ይቅርታ ልትጠይቅ ቆረጠች። በእኛ አገር ይቅርታ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ የያንጎና ሥር ይቀርባል፣ ተወቅጦ የሚጠጣው። አቅራቢውም በዳዩ ራሱ አይደለም፣ ስለ እሱ የሚናገር አፈ ቀላጤ ሽማግሌ ነው። የኛ አፈ ቀላጤ አባባ ቶማሲ ናቸው። አባባ ቶማሲ ንግግር የሚጀምሩት አያቶቻችን በታንኳ ከመጡበት ቀን ነው፤ ሰላምታቸው ሳያልቅ ካሳቫ ይበስላል።

ኢሶዋ ተቃወመ። «ለዚያ ፍየል ያንጎና? እኔን ላኪኝ፣ በጆሮው ጎትቼ አመጣዋለሁ።»

«አንተን እየላክሁ ነው እዚህ የደረስነው» አለችው። «ሥሩን ተሸከም፣ አፍህን ዝጋ።»

ከሰዓት በኋላ ሄዱ። አባባ ቶማሲ ከፊት፣ ኢሶዋ ሥሩን አቅፎ፣ ኡናይሲ ከሁለቱ ኋላ አንገቷን ደፍታ። እኔ ያን ጊዜ ጎረቤት ልብስ አሰጣ ነበር። የኔ ልብስ አይደለም፤ ግን ማገዝ ጥሩ ነው።

የአፒሳይ በር ክፍት ነው። ጀርባውን ሰጥቶ፣ በባሕሩ በኩል ወዳለው በር ዞሮ መረብ ይጠግናል። አባባ ቶማሲ ደጅ ላይ ተቀምጠው በደንቡ ተጣሩ። መልስ የለም። ጉሮሮአቸውን ጠርገው ደገሙ። የለም። እጃቸውን አጨበጨቡ። ጀርባው አልተነቃነቀም፤ መርፌው ይገባል፣ መርፌው ይወጣል።

ሥር ይዞ ደጅ ለመጣ ሰው አለመመለስ ከጥፊ ይከፋል። አባባ ቶማሲ በዕድሜያቸው ሙሉ እንዲህ ሆነው አያውቁምና ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ዘግቶብናል። በክብር እንመለስ» አሉ ዝግ ብለው።

«ትንሽ ብቻ፣ አባባ» አለች ኡናይሲ። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ስትቀርብ ከልብሱ ገመድ ሥር ሆኜ አይቻለሁ።

ከቤቱ በላይ አንድ ትልቅ የዳቦ ፍሬ ዛፍ አለ። እግዜር ይስጠው፣ የዚያን ዕለት አንድ የበሰለ ፍሬ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል፣ ከላይ ለቆ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። መድፍ ነው የሚመስለው። እኔ ያልተሰጣ አንሶላ ጭቃ ላይ ለቀቅኩ። ዶሮዎቹ በየአቅጣጫው በረሩ። ኢሶዋ ዘሎ አባባ ቶማሲን አቀፋቸው።

አፒሳይ ክሩን በጥርሱ በጠሰና አዲስ ቋጠሮ ጀመረ።

ኡናይሲ ጣራውን አየች። ጀርባውን አየች። ፍሬውን ከመሬት አነሳችና ለኢሶዋ ሰጠችው። «ወርውረው» አለች።

«የት?»

«ጣራው ላይ።»

ወረወረው። ቆርቆሮው ጮኸ። መርፌው ገባ፣ መርፌው ወጣ።

«ደንቁሯል» አለች ኡናይሲ። መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታለቅስ ይሁን ትስቅ መለየት አልተቻለም። «አልተቀየመኝም እኮ። ደንቁሯል። ተመስገን፣ ወንድሜ ደንቁሯል።»

«እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም» አሉ አባባ ቶማሲ።

ኢሶዋ ባዶ እጁን እያየ ቆሟል። «ነግሮኝ ነበር» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ድምፅ። «ደጋግሞ ነግሮኛል። ግን እየሳቀ ነው። እኔና እሱ መቼ ነው እውነት ተነጋግረን የምናውቀው?»

«ያንተንስ ድምፅ እንዴት ሰማ?» አለችው ኡናይሲ።

«የኔንማ ሙታንም ይሰሙታል» አለ ኢሶዋ።

አባባ ቶማሲ ገብተው ዞረው ከፊቱ ተቀመጡ። አፒሳይ ደነገጠ። ሥሩን አየ፣ ደጅ ላይ የእህቱን ጥላ አየ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ሸሚዙን አስተካከለ። አባባ ቶማሲ ከታንኳው ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ግን በሙሉ ድምፃቸው ነበርና መንደሩ በሙሉ የዘር ሐረጉን ከነቅርንጫፉ እንደ አዲስ ተማረ። አፒሳይ ከንፈራቸውን እያየ ማጨብጨብ በሚገባው ቦታ ሁሉ አጨበጨበ።

ሲጨርሱ የደነቆረ ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብሎ መለሰ። «እኔ ከበሮውን ልትቀበሉኝ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር። መልእክት ላክሁ፣ መልስ አልመጣም። እንግዲህ ሌላ ሰው ፈልገው፣ መንገሩን አፍረው ይሆናል አልኩ። ሴቶቹን በሱቫ ሰው ፊት ከማዋርድ ብዬ ቀረሁ።»

ኡናይሲ ከደጅ፣ ወደ ዛፉ ዞራ፣ «አባባ፣ ከበሮው የሱ ነው፤ የምንፈልገው ሌላ ሰው የለም በሉልኝ» አለች።

አሉላት። አንድ ሁለት ቅድመ አያት ጨምረው ነው ያሉት፤ ግን ደረሰ። አፒሳይ በመረቡ ፊቱን ጠረገ፤ መረብ ደግሞ ምንም አይጠርግም።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ቀላሉ ነበር። «እጃቸውን ካየሁ እመታለሁ» አለ አፒሳይ። «ከኋላ ስቀመጥ ግን የማየው ጀርባ ነው።» ፊት ለፊት እንዳይቀመጥ ለሚመለከቱት ሹማምንት ጀርባ መስጠት ነውር ነው። በጎን በኩል ቢቀመጥ ያያል፤ ያን ጊዜ ግን መጀመሪያ ዓይኑ የሚገባው የፊተኛው ሰልፍ መካከል ነው፣ የኡናይሲ ቦታ። እህቱን ትክ ብሎ እያየ ሊመታ አይችልም። ያ ቦታ የእናቷ ነበር፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከእሷ በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።

በስብሰባው ላይ ይህ ሲነሳ ኡናይሲ፣ «እኔ ከላይሳኒ ኋላ እሆናለሁ» አለች። ላይሳኒ ወፍራም ናት፤ ከኋላዋ ቤተ ክርስቲያን ይደበቃል።

«እንዲህ ነው የምትሰድቢኝ?» አለች ላይሳኒ።

«እየሾምኩሽ ነው፣ የኔ እመቤት። ዝም ብለሽ ሰፋ ብለሽ ተቀመጪ።»

ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን አዲስ ልማድ ገባ። ስለ ሰዓትና ስለ ምግብ የሚላከው በኢሶዋ ነው። ሰው ሊያስከፋ የሚችል ነገር ግን በአባባ ቶማሲ ይላካል፤ ይዘገያል፣ ግን ማንም ቀልድ ነው ብሎ አይስትም። ኡናይሲም የቀረ ሰው ካለ ምክንያቱን ራሷ ሳታጣራ በሰው ፊት አንድም ቃል አትናገርም።

አፒሳይ የተመለሰበት ልምምድ ከመርከቡ ቀን በፊት የነበረው የመጨረሻው ነው። በጎን ተቀመጠ፣ ዓይኑን እጃችን ላይ ተከለ፣ መታ። አንድም አልዘገየም። እንዲያውም እጃችን ገና ሲያስብ ከበሮው ይደርሳል። እኛ እሱን ስንከተል እሱ እኛን ሲከተል፣ ዘፈኑ ሩጫ ሆነ፤ ስንጨርስ ሁላችንም ላብ በላብ ነበርን፣ ላይሳኒ ደግሞ ኡናይሲ ላይ ጋለል ብላለች።

«አሁን ደግሞ ፈጠነ» አለች ላይሳኒ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ማን ይንገረው?»

አባባ ቶማሲ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ወደ ታንኳው ሊመለሱ ተዘጋጁ።

«ይተዉት፣ አባባ» አለች ኡናይሲ ከላይሳኒ ሥር። «የሱቫ ሰዎች እኛን ወጣቶች ናቸው ይበሉን። ልጆች፣ እጃችሁን...»

ሳትጨርስ ከበሮው ጀመረ።