እንግሊዙ የተንበረከከ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ እናቴ ከአባቴ ተጣልታ ተጂ ከተማ ወላጆቿ ቤት ከገባች ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። በሰው ፊት ሰድቧት ነው የሄደችው። ሽማግሌ ላክ ሲሉት «በእግሯ እንደሄደች በእግሯ ትመለስ» ይላል። እልኸኛ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። እኔ ደግሞ ጠጉሬን የሚሠራልኝ አጥቼ፣ ተንጨባርሬ ሰበታን እዞር ነበር።

ያኔ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አስተማሪያችን ሲኒማ አመጣ ተባለና የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጥሮ፣ ማሽኑ እየተንጣጣ፣ የጋለ አቧራ እየሸተተን ተቀመጥን። ፊልሙ ከድሮ የእንግሊዝ ልብወለድ የተሠራ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ በየመሃሉ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ብቅ ይላል። አስተማሪው ከማሽኑ መላቀቅ ስላልቻለ፣ በተረት አዋቂነታቸው የታወቁት ሽማግሌ ኦቦ ድሪባ አንሶላው አጠገብ ቆመው እንዲተርኩልን ተለመኑ። እሳቸው እንግሊዝኛ ከየት አምጥተው። ምስሉን እያዩ፣ በአማርኛ ጀምረው ሲሞቃቸው በኦሮምኛ እየጨረሱ፣ እንደ ተረታቸው አወረዱት እንጂ።

ወደ መጨረሻው ላይ ባለ ረጅም ባርኔጣው ሰውዬ፣ ፊቷን ባዞረችበት ሴት እግር ሥር ተንበረከከ። ከኪሱም ቀለበት አወጣ።

«ሚስቱ ናት» አሉ ኦቦ ድሪባ። «አስቀይሟት ነበር፤ ይኸው ይቅርታ ሊጠይቅ እግሯ ላይ ወደቀ። ካሳዋንም ይዞ መጥቷል። ዱጋ፣ እውነቴን ነው፣ ወንድ ልጅ ጥፋቱን ቢያምን አያንስም።»

ሴቶቹ አለቀሱ። አባቴ ጎኔ ነበር፤ ሲያስል ትዝ ይለኛል።

በሳምንቱ ኦቦ ድሪባን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ፣ ተጂ ወረደ። እናቴ ወደ በሩ ብቅ ስትል ሊንበረከክ ጎንበስ አለ፤ ኦቦ ድሪባ ክንዱን ያዙት።

«እንግሊዝ እንኳ ተንበርክኳል፣ እኔ ማን ነኝ? አጥፍቻለሁ» አላት።

እናቴ የእንግሊዙ ነገር ባይገባትም ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ጉያዋ ገብቼ አለቀስኩ። ያን ቀን አብራን ተመለሰች።

ከዓመታት በኋላ፣ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ ያንን ልብወለድ አነበብኩት። ለካ ሰውዬው የተንበረከከው ላግባሽ ሊላት ኖሯል። ሚስቱ አልነበረችም፤ እንዲያውም እምቢ ብላዋለች። ብቻዬን ከሳቅሁ በኋላ ለእናቴና ለአባቴ ላወራላቸው እየከነፍኩ ቤት ስገባ፣ ሁለቱ በወጡ ጨው ሲከራከሩ ደረስኩ። አባቴ «በቃ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። ከተጂ ወዲህ ይቺ ቃል አትከብደውም ነበር። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩና አብሬያቸው ለመብላት ቁጭ አልኩ።

ሁለቱም ሳይነገራቸው አለፉ። እኔም ዛሬ ያንን ታሪክ ለልጆቼ ስነግር፣ የምነግራቸው ኦቦ ድሪባ የተረኩትን ነው።