ጽጌረዳው የጠጣው ውሃ

ሰፈሩ «ሐኪሟ» ይላታል። ሆስፒታል የገባችው ለወሊድ ብቻ ነው፤ የምታክመው የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጉድጓድ የሚመጥ መኪና ሲነዳ ኖረና ይህን እውቀት አወረሳት፤ ሌላማ ምን ነበረውና ያውርስ። «ጉድጓድ እንደ ሆድ ነው» ይላት ነበር ጋቢና ውስጥ አስቀምጧት፤ «የማይፈጨውን አታጉርሱት፣ ሲጮህ አድምጡት፣ ሳይጠግብ አስመጥጡት»። እሷም ዘይት ወደ መታጠቢያው የሚደፋ ጎረቤት ካየች አትምርም። ዛፍ ከቧንቧ በላይ የሚተክልማ ካጋጠማት ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ትቆጣዋለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ በአንድ ነገር ታፍራለች። ትምህርት ቤት ሳለች ልጆቹ ስትመጣ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። ስለዚህ ስታረጅም የራሷን ጉድጓድ ክዳን የምትከፍተው ባሏ ከቤት ሲወጣ ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ትወዳለች። ዓይኗን ጨፍና ውሃውን ትከተለዋለች፤ ከኩሽና ይወርዳል፣ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሥር ያልፍና ወደ ጉድጓዱ ጨለማ ጓዳ ይገባል። እዚያ ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ መሃል ላይ የቀረው ጠራ ያለው ብቻ በሌላ ቧንቧ ወጥቶ ጓሮ በተቀበረው ጠጠር መሃል ቀስ እያለ ይሰርጋል። አንዳንዴ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ውሃውን የምትከተለው እሷ ትሁን ወይስ ውሃው እሷን፣ ይምታታባታል። ቤቱ በእነዚያ ሰዓታት የሚተነፍስ ይመስላታል፤ ደስ ይላታል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑ ደከመና ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅተው ሱቁን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ሥራው ሆነ። ጠያቂ ሲመጣ አይዞርም፤ ሲጠሩት «እ» ይላል፤ ሲያጎርሱት ይጎርሳል። ሰው በቁሙ ሲሞት አየሁ ትል ነበር በሆዷ።

አንድ ቀን ታዲያ ሳይታሰብ ተነስቶ ወጣና ሲመለስ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የጽጌረዳ ቁርጥራጭ ይዞ ገባ። ማን እንደሰጠው እንኳ አልተናገረም። በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዶ መሬቱን በእግሩ መታ መታ አደረገና «እዚህ ጋ ይለሰልሳል፤ እዚህ ልትከለው?» አላት። ፈገግ ብሎ ነበር። የቆመበት ልክ ከጉድጓዱ ወደ ጠጠሩ የሚሄደው ቧንቧ አናት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ልሳኑን ትዘጋው ነበር።

«ጥሩ ቦታ ነው» አለችው።

ጽጌረዳው የተተከለ ሳይሆን የተጠራ ይመስል ግር ብሎ መጣ። ሣሩ ሁሉ በፀሐይ ሲያር እሱ ያብባል። ሰው እየመጣ «እጅህ ይባረክ! እንዴት ያለ እጅ ነው!» ይላል፤ ባሏም ጢሙን መላጨት ጀመረ፣ ሲያጠጣ ያንጎራጉራል። ከአጥራቸው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ትንሽ ሴት ልጅ ያላት ወጣት እናት ትኖራለች፤ አበባ እየቀጠፈ ይወስድላታል።

ሐኪሟ አይታ እንዳላየች ሆነች። መታጠቢያ ቤቱ ውሃ መዋጥ ሲያዘገይ አየች። ልብስ ስታጥብ ቧንቧው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ሰማች። ከጽጌረዳው እስከ አጥሩ አንድ ቀጭን የለመለመ የሣር መስመር በገመድ እንደተለካ ሲዘረጋም አየች። ከምሳ በኋላ ውሃውን ስትከተለው መንገድ ላይ ይጠፋባት ጀመር፤ በሕልሟ ጽጌረዳው አጎንብሶ ሲጠጣ፣ ሲጠጣ ታያለች። ትነቃና ከጓሮ የባሏን ማንጎራጎር ትሰማለች። መልሳ ትተኛለች።

አንድ ጠዋት ወጣቷ ጎረቤት አጥሩ ጋ አገኘቻት።

«እማማ፣ የልጄ ሆድ አልድን አለኝ እኮ። ተሻላት ስል ይመለስባታል፤ መድኃኒቱንም ጨርሳዋለች።»

«ውሃ ከየት ነው የምታጠጫት?»

«ከጓሮ ካለው ከውሃ ጉድጓዳችን ነዋ! እንደ መስታወት የጠራ እኮ ነው።»

ሐኪሟ አጥሩን ያዝ አደረገች። «አፍልተሽ አጠጫት» አለቻት፣ «እሺ የኔ ልጅ? ጠብታም ሳታፈዪ እንዳትሰጫት።»

አባቷ የተደበቀ ስብራት የሚፈልግበት ዘዴ ነበረው። ባሏ ጓሮ ሳለ ከመሳቢያው የጨርቅ ማቅለሚያ ቀይ ቀለም አወጣች፤ መጸዳጃው ውስጥ ጨምራ ውሃ ለቀቀችበት። ከዚያ በየጠዋቱ ነጭ ሳህን ይዛ «የቧንቧ ውሃ ጠፍቶብን ነው» እያለች ከጎረቤቷ ውሃ ትለምናለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃው ንጹህ ነበር፤ ተስፋ አደረገች፤ እንዲያውም መሳቅ አማራት። በኋላ አንድ ቀን ሳህኑን ወደ ብርሃን አዞር አደረገችው። ውሃው ስስ ሮዝ ነበር፤ እንዴት ያምራል። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ቤት ስትገባ ባሏን «ና ተቀመጥ» አለችው። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

«ቧንቧው ተሰብሯል። ከአበባህ ሥር። ሥሩ ነው የሰበረው። የኛ ቆሻሻ ወርዶ እነዚያ የሚጠጡት ውስጥ ገብቷል።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ሣሩ ሲለመልም ጠረጠርኩ።»

«ዝም አልሽኝ?»

«ስትስቅ ደስ አለኝ» አለች።

ተነስቶ ጫማውን በዳሰሳ ፈለገ። እኔ ልሂድ ብትለው እምቢ አለ፤ አብረው ወረዱ። ወጣቷ እናት ፈገግ ብላ ልትቀበላቸው ነበር፤ ሳህኑን ስታይና የሆነውን ስትሰማ ተወችው። ገብታ ከእንስራው ውስጥ የነበረውን ሁሉ ደጅ ላይ ደፋችው። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

በዚያው ምሽት ሐኪሟ ከቤቷ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ሞልታ በጎረቤቷ በራፍ ላይ አኖረች። ሲነጋ ባዶው ጀሪካን ውጭ ተቀምጦ አገኘችው። መልሳ ሞላችው።

ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ። ባሏ ጽጌረዳውን ማንም እንዲነካበት አልፈቀደም፤ ራሱ ነቀለው፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ። የቧንቧው መጋጠሚያ አፉን ከፍቷል፤ ውስጡ እንደ ተተበተበ ክር በነጭ ሥር ታጭቋል። ተንበርክኮ እየጎተተ አወጣው፤ አያልቅም ነበር።

«እኔ እኮ እጄ መስሎኝ ነበር» አላት ሳያያት።

ልታጽናናው አንድ ውሸት ልትል አፏን ከፈተች። በዝምታዋ ያመጣችው ግን ይበቃ ነበር። «አይደለም» አለችው፤ «ውሃው ነው።»

አፈር ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ገብቶ ተኛ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለራት አልተነሳም። ለቁርስም አልተነሳም። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጀርባውን ስታይ፣ የልጅቷን ሆድ አተርፍ ብዬ የሱን ነፍስ ሰጠሁ አለች። ደግሞም እንደገና ምረጪ ብትባል ይህንኑ እንደምታደርግ አወቀች፤ ያም አስለቀሳት።

በማግስቱ መምጠጫው መኪና ከመምጣቱ በፊት ጉድጓዱን መለካት ነበረባት። ባሏ እቤት መሆኑን እያወቀች ወጥታ ክዳኑን ከፈተች፤ ለማፈር ጊዜ አልነበራትም። ረጅሙን ዱላ ልታወርድ ስትል ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ደንግጣ ክዳኑን ልትመልሰው ጎተተች።

«ተዪው» አለ ባሏ። ፀጉሩ ቆሟል፣ ጫማም አላደረገ። «ምኑን ነው የምታዪው?»

«ዝቃጩን። ምን ያህል እንደሞላ። ትንፋሹ መጥፎ ነው፣ ፊትህን አታስጠጋ።»

«እኔ እንደሆን አይታየኝ። ዱላውን ስጪኝ።»

ሰጠችው። ቀስ አድርጎ አወረደው። ጎረምሳ ሳለ ጨርቅ ሲመርጥ ያደርግ እንደነበረው ራሱን ዘንበል አድርጎ ዱላውን በጣቱ ጫፍ አዳመጠ።

«እዚህ ጋ ወፈረ» አላት። «እዚህ ጋ ነው አይደል?»

«አዎ» አለችው እያለቀሰች። «እዚያ ጋ ነው።»