ከጭስ የሸሸው ልጅ

ልጅ ሳለሁ የእሪ በከንቱ ጭስ ከመወፈሩ የተነሳ ሸሚዝ ይሰቀልበት ነበር ብል የዛሬ ልጆች ይስቃሉ። ይሳቁ። ዶሮዎቻችን መስከረም ላይ ነጭ የነበሩት ለገና ግራጫ ሆነው ይታረዱ ነበር፤ የጎረቤታችን ድመትማ ሳሏ አይጦቹን እያስጠነቀቀባት በረሃብ ልታልቅ ነበር። ከዚህ ላይ ግማሹን ቀንሱልኝ፤ የሚቀረው እውነት ነው።

ሰፈራችን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከላይ ፒያሳ፣ ከፒያሳ በላይ እንጦጦ፣ ከታች ወንዙ፤ እኛ መሃል ላይ እንደ ድስት ወጥ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሰማዩን ስለሚያጥበው ጭቃው ቢያሰቃየንም አየሩ ንጹሕ ነበር። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲያቆም ግን ብርዱ ከመሸ በኋላ ከእንጦጦ እየተንሸራተተ ይወርድና እላያችን ላይ ይተኛል። ያኔ ከየቤቱ የሚወጣው የከሰልና የእንጨት ጭስ ከጣሪያ ከፍ ይልና መውጫ ያጣል፤ ፀሐይ እስክትሞቅ እዚያው ይንሳፈፋል። ይህን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አባባ ይልማ የነገሩንን ብቻ ነበር።

አባባ ይልማ ጡረታ የወጡ ዘበኛ፣ የግቢያችንም ሽማግሌ ነበሩ። አመሻሽ ላይ የከሰል ምድጃቸውን ደጃፋቸው ላይ አውጥተው፣ ኩራዙን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሲቀመጡ እኛ ልጆች እንከባቸዋለን። ከተረቶቻቸው ሁሉ የምንፈራውም የምንወደውም የበሽታውን ነበር። በሽታ አንድ ዓይና ረጅም ሰው ሆኖ በኅዳር በወንዙ ዳር ዳር ይመጣል፤ በየደጁ ቆሞ ያሸታል፤ ጭስ የሌለበት ቤት ካገኘ ጫማውን አውልቆ ይገባል።

«ጫማውን ለምን ያወልቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሊቆይ ነዋ» አሉኝ።

ስለዚህ ኅዳር ሲታጠን፣ የሚካኤል ዕለት፣ የግቢው ሰው የዓመቱን ጥራጊ ሁሉ ደጅ አውጥቶ ያነድዳል። ከተማው በሙሉ ያነድዳል፤ የላይኞቹ ጭስ ግን ነፋስ ያገኛል። የእኛ እኛው ጋ ይቀራል፣ የእነሱም ትርፍ ከብርዱ ጋር ይወርድልናል።

ታናሽ ወንድሜ ግርማ አስም ነበረበት። በክረምት እኔን ሮጦ የሚቀድም ልጅ፣ ኅዳር ሲገባ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው እየወጣ ተቀምጦ ያድር ነበር። በዚያ ዓመት አመሻሹ ላይ የተበጣጠሰው ፍራሽ፣ አሮጌው ጫማና እርጥቡ ቅጠል አንድ ላይ ሲለኮስ ሳሉ ጀመረው። ሳሉን ጎረቤቶች ሰሙ። «እትዬ ስንዱ፣ እናንተ ደጅ ጭሱ ሳስቷል፤ ለዚህ ነው» አለቻት አንዷ እናቴን፤ በአካፋ ፍም ከነቅጠሉ አምጥታ በራችን ላይ ደፋችው። ግርማ ባሰበት። ሌላው ደግሞ ጨመረ። ልጁ በሳለ ቁጥር ጭሱ ይቀርበናል። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ነበር የሚያጨሱት።

እናቴ ወጥታ አባባ ይልማ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ እርስዎን ይሰማሉ። አጥፉት ይበሏቸው፤ ልጄ መተንፈስ አቃተው።»

«ማጥፋት? ስንዱ፣ እሱ እኮ ደጅሽ ላይ ቆሟል። ልታስገቢው ነው?»

«ማንን ነው የማስገባው? የሚያፍነው ጭሱ ነው እያልኩዎት።»

«ጭስ ካፈነማ እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን በምን ኖርኩ? እንደ ቋንጣ አድርቆ እኮ ነው ያቆየኝ።»

ሰው ሳቀ። እናቴ ግርማን አዘለችና ዳገቱን ወደ ቸርችል ጎዳና ተያያዘችው፤ እኔ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ተከተልኩ። በወጣን ቁጥር ደረቱ ውስጥ ያለው ፉጨት እየቀነሰ ሄደ። ላይ ስንደርስ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ አስቀመጠችው። ግርማ ቁልቁል አየና «ያ ታች ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?» አለ። በሳህን እንደ ተቀዳ ወተት ዝርግ ብሎ የተኛ ነገር ነበር።

«ሰፈራችን ነው» አለችው።

ፒያሳ ላይ የሚያሳድረን ዘመድ አልነበረንም። ብርዱ ልጁን ሲያንቀጠቅጠው እናቴ መልሳ አዘለችው፤ ወደ ወተቱ ተመልሰን ወረድን። ፀሐይ ሳትሞቅ ሞተ።

በቀጣዩ ኅዳር አባባ ይልማ ተረታቸው ላይ ጨመሩበት። እናቱ ከጭሱ አሽሽታ ዳገት ስላወጣችው፣ አንድ ዓይናው ሰውዬ መንገድ ላይ ጠብቆ ስለያዘው ልጅ። ልብስ ታሰጣ የነበረችው እናቴ ቀና ብላ «ጭሱ ነው የገደለው፣ አባባ» አለች። ልጆቹ ተረት እንዳቋረጠባቸው ሰው ዞረው አዩዋት። አባባ ይልማ ካቆሙበት ቀጠሉ። ደግሞ ሲያምርባቸው።

ዛሬ እሪ በከንቱ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰዉም በየዳርቻው ተበትኗል። ተረቱን ግን ይዞት ሄዷል። ባለፈው ፒያሳ ማኪያቶ ቤት ባንኮኒው ላይ አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ፣ ኅዳር ላይ ጥራጊ መቃጠሉ ጉዳት አለው ብዬ ስከራከር ሰምቶ፣ «አባቴ የነገረኝን ልንገርዎት» ብሎ ከጭስ የሸሸውን ልጅ ታሪክ አንድ ሳያጎድል አወራልኝ። እኔ የሰው ወሬ ሳልጨምርበት አሳልፌ የማላውቅ ሰው፣ በዚህ ላይ ግን እስካሁን አንዲት ቃል መጨመር አልቻልኩም።

«ልጁ ወንድሜ ነው። ጭሱ ነው የገደለው» አልኩት።

ጎረምሳው ስኒውን አስቀምጦ ጠበቀኝ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ከዚያ ወዲያ የለውም አልኩት።