ሁዳዴን የጾመው ዘንዶ

የሺሀረግ ከአርባ ምንጭ አውቶቡስ የተሳፈረችው አገልግል ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። ዘመኑ ሰባ አራት ነው፤ ከደቡብ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ቡና ደብቋል ተብሎ የሚጠረጠርበት ጊዜ። ኬላው ጋ ሲደርሱ ፈታሹ ወጣና ጓዙን ሁሉ እየዳበሰ መጥቶ ዓይኑን አገልግሏ ላይ ተከለ።

«ቡና ነው?»

«ቡና አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ? ክፈቺው!»

«ይቅርብህ ወንድሜ። እምቢ ካልክ ግን አንተው ክፈተው።»

ፈታሹ ክዳኑን አነሳ። ከውስጥ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ቀስ ብሎ ቀና አለና ምላሱን ብልጭ አደረገ። ሰውዬው ክዳኑን ልክ እንዳገኘው መልሶ ገጠመው፤ «እለፉ!» ብሎ ለሹፌሩ ጮኸና ከአውቶቡሱ ዘሎ ወረደ። በዚያን ቀን በዚያ አውቶቡስ ስንቱ ሰው ቡናውን ሳይነካበት አዲስ አበባ እንዳስገባ እግዜር ይወቀው።

አገልግሉ ውስጥ የነበረው ዘንዶ ነው፤ ስሙ ዘገየ። የሺሀረግ በመንገድ ሥራ ካምፕ ወጥ ቤት ስትሠራ ግሬደሩ ወንዝ ዳር አንድ ጎሬ ገለበጠ። ሠራተኞቹ የተፈለፈሉትን በአካፋ ሲጨፈጭፉ አንዱ አመለጠና የእሷ ጫማ ሥር ገባ። አንጀቷን በላት። በወተት ዱቄት ቆርቆሮ አኖረችው፤ የወጥ ቤቱን አይጥ እየቀለበችው አሳደገችው። ለመብላትም፣ ለመሄድም፣ ለመቆጣትም የማይቸኩል ፍጥረት ሆኖ ስታየው ዘገየ አለችው። ካምፑ ሲዘጋ ከእሷ ቁመት በልጦ ነበር።

ሰው ጥላው ያልመጣችው ለምንድነው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የሺሀረግ ዕድሜዋን ሙሉ «ስጪ» ስትባል የሰጠች ሴት ናት። አልወለድሽም ሲሏት ትዳሯን ለሌላ ሴት ለቀቀች። ወንድሟ «አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ?» ሲላት የአባቷን ቤት ለቀቀች። ካምፕ ያሳደገችውን ውሻ እንኳ መሐንዲሱ ወደደውና ሰጠችው። ዘገየን ግን አልሰጥም አለች፤ እርግጥ ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ለራሷ ነው የማለችው።

ጉለሌ ያገኘችው የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ቁልቁል በሚወርደው ቅያስ ውስጥ። ጣራው ያፈሳል፣ በሩ አይገጥምም፤ የኋላ ግድግዳው ግን የፉርኖ ቤቱ ምድጃ ጀርባ ስለነበር ቀንም ሌትም ይሞቃል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ቆላ ለቆላ ያደገን ዘንዶ እንዴት እንደሚያደርገው ገና በመጀመሪያው ቀን አየችው፤ እንደ ደረቅ ገመድ ግትር ብሎ ቀረ። ወዲያው ከአገልግሉ አውጥታ ያስተኛችበትን ሣጥን ግድግዳው ሥር አስጠጋችው። ጋጋሪው ቶሎሳ፣ ሊጡን ሲያቦካ መዝሙር በአፍንጫው የሚያንጎራጉር ጴንጤ፣ ዱቄቱን ከሚፈጁበት አይጦች በወጥመድ የያዘውን ያቀብላት ጀመር። «ጌታ የፈጠረው ነው፤ ምን ያስፈራል?» ይላል። ደፍሮ ግን ከደጃፏ አልፎ አያውቅም።

በጉለሌ ደግሞ ወሬ እግር አለው። የግቢው አዛውንት እትዬ ብርቅነሽ ነገሩን የሰሙ ዕለት ጸበል በጆግ ይዘው መጡና ከደጅ ሆነው ሣጥኑ ላይ ቸለሱት።

«አንቺ ልጅ! ሔዋንን ማን እንዳሳታት አልሰማሽም?»

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ይኼኛው እኮ ገና የዓመት ልጅ ነው። የት ያውቃታል?»

እሳቸው ሦስት ጊዜ አማትበው ወጡ። ከዚያ ወዲያ «ታመልከዋለች አሉ»፣ «ቅቤ ታጠጣዋለች አሉ» እየተባለ ወሬው ቀበሌ ደረሰ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አድነው በእሑዱ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ስለ ኋላ ቀር እምነትና ስለ ጎጂ ልማድ ሰፊ ንግግር አደረገ። በመጨረሻም፣ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ድረስ ዘንዶው ካልተወገደ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ያስወግዱታል ሲል ወሰነ። የሰፈሩ ካህናትም አልተቃወሙም። ቀበሌና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ነገር ሲስማሙ የጉለሌ ሰው ያኔ ገና ማየቱ ነው።

የሺሀረግ ከስብሰባው ስትወጣ መላ ጠፍቷት ነበር። የት ትወስደዋለች? ሸጎሌ ሜዳ ላይ ብትለቀው ብርዱ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ለሰው ብትሰጠው ቆዳውን ይገፉታል። ቤቷ ገብታ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠችና አለቀሰች። ዘገየ ስለሷ ምንም አልተጨነቀም፤ ተኝቷል።

ቅበላ ዋለ። ሰፈሩ ሁሉ የመጨረሻ ሥጋውን ሲበላ የሺሀረግም አይጧን አቀረበችለት፤ ዘገየ ፊቱን አዞረ። በማግስቱም አዞረ። ዓይኑ ሞራ እንደያዘው ሰው ደፈረሰ፣ ቆዳው ደበዘዘ። ቆዳ ሊቀይር መሆኑን ታውቃለች፤ ካምፕ ሳለ እንደ ካልሲ ነበር የሚያወልቀው፣ ከዚያም ወዲያው ይበላል። አሁን ግን ሳምንት በሳምንት ላይ ሲደራረብ ያው ነው። ቆዳው እላዩ ላይ ደርቆ እየተሰነጣጠቀ፣ ጎኑ እየሰረጎደ ሄደ።

እትዬ ብርቅነሽ አንድ ቀን፣ ያልተበላችውን አይጥ በጅራቷ አንጠልጥላ ስትወጣ አዩዋት።

«እምቢ አለ?»

«ከቅበላ ወዲህ አልቀመሰም።»

አሮጊቷ ባሉበት ቆሙ። «ከቅበላ ወዲህ? ሥጋ?»

«ሥጋ። ግን እትዬ፣ እሱ እኮ ቆዳውን—»

«ጾመ በያ!»

«ኧረ አይጾምም! ታሞብኝ ነው!»

«ዝም በይ፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ? እሱ ያውቃል!»

እንዲህ ተጀመረ። በሳምንቱ የግቢው ሴቶች፣ በዕድር የሚገናኙት፣ ከማኅበሩ የሚመጡት፣ ተራ በተራ በበሩ ብቅ እያሉ ጿሚውን ያዩ ጀመር። ስንቱ ክርስቲያን ሥጋ ቤት ጓሮ ተደብቆ በሚበላበት ዘመን አውሬው ሁዳዴ ገባ! አንዷ ክፉ አሳቢ «ውኃስ ይጠጣል?» ብላ ብትጠይቅ «ውኃ ጾም ይፈታል እንዴ?» ብለው እትዬ ብርቅነሽ አፏን አስያዟት። ጸበል የረጩበትን ነገር አንድም ቀን አላነሱም።

የሺሀረግ ግን በዚህ አልሳቀችም። ሌላው ጾም ያየበት ቦታ እሷ ሞት ነበር የምታየው። ሰሙነ ሕማማት ገብቶ፣ የተሰጣት ቀን እየቀረበ፣ ልጁ ደግሞ በእጇ ላይ እየከሳ ነው። የስቅለት ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ለስግደት ሲወጣ ብቻዋን ቀረችና እያሰበች ያንን ጎሬ አስታወሰችው። ወንዝ ዳር። ግሬደሩ ሲገለብጠው ከሥሩ የወጣው ቅጠል እርጥብ፣ አፈሩ ጭቃ ነበር። ግድግዳውን ዳሰሰችው፤ ይሞቃል፣ እንደ ቆሎ ምጣድ ደረቅ ነው። ራሷን በእጇ መታች። ብርዱን ብቻ ፈርታ ልጁን ስታደርቀው ከርማለች!

ውኃ ለብ አድርጋ በትልቁ ሳፋ ሞላች። ዘገየን በሁለት እጇ አቅፋ ነከረችው፤ አንገቱን ደግፋ፣ ሕፃን እንደሚታጠብ። ከዚያ ጆንያ አርጥባ አነጠፈችለት፣ ሌላ እርጥብ ጆንያ አለበሰችው። እዚያው አጠገቡ ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ስትነቃ ሣጥኑ ውስጥ የተኛው ቆዳ ብቻ ነው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድም ቦታ ሳይቀደድ፣ ባዶውን። ዘገየ ራሱ ግድግዳው ሥር፣ ከአልጋዋ በታች ተጠምጥሞ ነበር፤ ዓይኑ ጥርት ብሎ፣ ጥለቱ ቡናማና ወርቅማ ሆኖ እያብረቀረቀ። «ተረፍክልኝ! የኔ ጌታ፣ ተረፍክልኝ!» እያለች ጮኸች።

ደስታዋን ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። ጓድ አድነው ነው፤ ከኋላው ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች፣ አንዱ ጠመንጃ ሌላው ዶማ ይዘዋል። ሁለቱም ወደ ውስጥ ላለመቅደም ይተሻሻሉ ነበር። በዚህ መሐል እትዬ ብርቅነሽ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረሱ። ቀዳም ሹር ነውና ራሳቸው ላይ ቄጠማ አስረዋል።

«አድነው!» አሉ። ጓድ የለ፣ ሊቀ መንበር የለ። የአድነው የክርስትና አባት የእሳቸው ሟች ባል ነው፤ በሰው ፊት እንደ ልጅ የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ፍጥረት ነው! ነገ ሊገድፍ ዛሬ ትገድለዋለህ? በዶማ?»

«እማማ፣ ትእዛዝ ነው። ከቀበሌው በላይ ያለው ‹ከፍተኛው› ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ?»

የሺሀረግ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠላት። ገብታ ቆዳውን በክንዷ ላይ አጋድማ ወጣች፤ ከግራ እጇ እስከ ቀኝ እጇ አልፎ መሬት ይነካል።

«የዘንዶው ነገር ይኸው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

አድነው ቆዳውን አየ። እሷን አየ። አሮጊቷን አየ። ጉለሌ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ እባብ ቆዳ እንደሚቀይር አይጠፋውም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጓዶች!» አለ፤ «ዘንዶው ተወግዷል!»

ጠመንጃ የያዘው ጓድ እፎይ ሲል ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። ቆዳውን በዶማው ጫፍ አንጠልጥለው እንደ ሰንደቅ እያውለበለቡ ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቸነከሩት። እሱን ሊያይ የሄደው ሕዝብ ለሰልፍ ከሚወጣው ይበልጥ ነበር።

በፋሲካ ማለዳ እትዬ ብርቅነሽ ቄብ ዶሮ ይዘው መጡ፤ ላባዋ አልተነቀለም። «በስመ አብ ተብሎ የታረደች ናት። ከእኔ ቤት ይግደፍ» አሉ። የሺሀረግ በእግሯ ይዛ ዘገየ ፊት ነቅነቅ አደረገቻት። ዘንዶው ቀና አለ፣ ምላሱን ብልጭ አደረገ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ። ደጅ የተኮለኮሉት ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት። አሮጊቷም ጎንበስ ብለው፣ «እንኳን አደረሰህ» አሉት።

ከሰዓት በኋላ አድነው የክርስትና አባቱን ሚስት ሊጠይቅ ድፎ ዳቦ ይዞ መጣ፤ መንገዱንም በየሺሀረግ ደጅ አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኅብረት ሱቁን ዱቄት አይጥ ፈጀብን» አለ። «ያንን… ያንን የተወገደውን፣ ለጥቂት ቀን ስጪን።»

የሺሀረግ ቀጥ ብላ ቆመች። አባቷ ቤት፣ ባሏ ቤት፣ ካምፑ ውስጥ ሳትለው የቀረችው ቃል ያለ ምንም ችግር ከአፏ ወጣ።

«አልሰጥም።»

አድነው ደንግጦ አያት። እሷም የራሷን ድምፅ ሰምታ ደነገጠች፤ ከዚያ ደስ አላት፣ እየሳቀች በሩን ከፈት አደረገችለት።

«አይጦቹን ግን ያዙና እዚህ አምጡለት።»