ያልፈሉት መርፌዎች

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ጤና ረዳት ሆኜ ስመደብ መርፌ የሚጣል ዕቃ አልነበረም። ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ሲዶለዱም በድንጋይ ይሳላል፣ ከዚያ እንደገና ይቀቀላል። የሚስሉት ከአሊዩ አምባ የመጡ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ስለቱን የሚፈትኑት ጫፉን በአውራ ጣታቸው ቆዳ ላይ ጎተት እያደረጉ ነው። ከያዘ ገና ነው፣ ከተንሸራተተ ደርሷል። ሳያቸው ሰውነቴን ይሰቀጥጠኝ ነበር።

አንድ ሰኔ ከጀውሃ በኩል ዓይኑ ቢጫ የሆነ ገበሬ መጥቶ ተኛ። የወፍ በሽታ ነው። አገሬው የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበትን ሰው ይይዘዋል ይላል፤ የእኛ ኮርኒስ ደግሞ በሌሊት ወፍ የተሞላ ነበር። እናቱ አልጋው ግርጌ ተቀምጠው ኮርኒሱን ብቻ ያያሉ። ልጃቸው በሦስተኛው ቀን ሲሞት አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞረው "ገና አልጠገበችም" አሉኝ። የተማርኩ ነኝ ባይ ስለነበርኩ በልቤ ሳቅሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ እሱ የተወጋበትን መርፌ ሳጥብ ሌባ ጣቴን ወጋኝ። ደንግጬ ከሌሎቹ ጋር መቀቀያው ውስጥ ጣልኩት። ውኃው ለብ እንዳለ ላምባው አለቀና ምድጃው ጠፋ። ላምባ ፈልጌ ስመለስ ጋሼ የፈላ መስሏቸው መርፌዎቹን ወስደው እየሳሉ ነው። መናገር ነበረብኝ። ግን በዚያው ሳምንት በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ አንዲት ባልደረባችን ቴርሞሜትር ሰበረች ተብላ ስትዋረድ አይቻለሁ። ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የዓይኔን ነጭ በመስታወት መመርመር ሆነ ሥራዬ። የሟቹ እናትም ገበያ በመጡ ቁጥር በራችን ላይ ይቆማሉ። ምንም አይጠይቁም። የእያንዳንዳችንን ዓይን ተራ በተራ አይተው ይሄዳሉ። 

ሁለት ወር ሲሆን፣ እኔን አልፈው ጋሼ ፊት ቆሙ። ቆይተው አዩዋቸውና የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ያኔ እኔም የጋሼን ዓይን አየሁ።

ሴትዮዋ ሲሄዱ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሼ መሳያ ድንጋያቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዳመጡኝ።

"ሁለተኛውን መርፌ አውራ ጣቴ ላይ ስፈትን ከውስጡ ደም ሲወጣ ነው እንዳልፈላ የነቃሁት" አሉ። "ሁሉንም መልሼ ቀቀልኩት። ሰው አልተወጋበትም፣ አትፍሪ።"

ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር፣ ልጄ።"

ወር ሳይሞላ አሊዩ አምባ ተቀበሩ። መርፌ የመሳሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።