የይመኙሻል ክንድ

ልጅ እያለሁ፣ ከፍላቂት ወዲያ ባለችው መንደራችን፣ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚጠየቀው የልደት ወረቀት ሳይሆን ጆሮ ነበር። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ ግራ ጆሮህን ከነካህ ደርሰሃል፤ ካልነካህ ለከርሞ። እኩዮቼ ይህን እየሳቁ ያወሩታል። እኔን አያስቀኝም።

እህቴ ይመኙሻል በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ዛሬ ዳውን ሲንድሮም ይሉታል፤ ያኔ ይሰጡት የነበረው ስም የሚጻፍ አይደለም። የማንንም በግ በድምፁ ብቻ ትለይ ነበር። ክንዷ ግን አጭር ነው። አራት መስከረም በጭጋግ ተሰልፋ አራቴ ተመለሰች። ክረምት እርጥብ ገብስ እየሸተተን ስናርም፣ እሷ እጇን አናቷ ላይ ጭና ትለማመድ ነበር።

በአምስተኛው መስከረም እናታችን ይዛን አብረን ተሰለፍን። እኔ ጆሮዬን ነካሁ፤ የአዲስ ደብተር ሽታ አሰከረኝ። እሷ አልነካችም።

«ይቺ ገና ናት እናቴ፤ ለከርሞ ያምጧት» አለ ርእሰ መምህሩ።

«ታናሿ ገብቶ እሷ ገና?» አለች እናቴ።

«ደንቡ ነው። ክንዷ አልደረሰም።»

«መምህር፣ የሚማረው ክንዷ ነው?»

ሰልፉ ሳቀ። ከኋላችን የነበረ ጎረቤታችን ጣልቃ ገባ፤ «አንች፣ ጠበል ብትወስጃት አይሻልም?»

«ወስጃታለሁ። ላንተም ምላስ መድኃኒት ይሆንህ ነበር፤ ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ሽማግሌዎች «ዝም አይነቅዝም» ብለው መከሯት። ይነቅዛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ የሚደበቁ ልጆች በየቤቱ ነበሩ፤ እናቶቻቸው በዝምታ ሲነቅዙ አይቻለሁ። እናቴ እነዚያን ቤቶች አንኳኳች። በማግስቱ ሦስት እናቶችን ከነልጆቻቸው አስከትላ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ተቀመጠች። አልጮሁም፤ የበግ ጠጉር ፈተሉ። እሱ በወጣና በገባ ቁጥር ተነሥተው እጅ ይነሡታል፤ መልሰው ይቀመጣሉ። በስምንተኛው ቀን አራቱንም ልጆች መዘገበ። ይመኙሻል አራተኛ ክፍል ድረስ ተማረች፤ ማንበብ ቻለች።

አሁን ሃምሳ ሊሞላት ነው። ባለፈው ወር ላሊበላ አንድ ሆቴል የአካል ጉዳተኞች ስብሰባ ተጠርታ አብሬያት ሄድኩ። ባነር ተሰቅሏል፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ ተናጋሪው ሁሉ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ እንሁን» ይላል። ድምፅ ያላት እህቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተራ ጠበቀች። በመጨረሻ ሰብሳቢው ወደ እኛ ዞሮ ማይኩን አቀበለኝና እኔን ጠየቀኝ፤ «እህትዎ ምን ትፈልጋለች?»

ያኔ በር ይዘጉብን ነበር፤ ቢያንስ በሩ የት እንዳለ እናውቃለን። ዛሬ ወንበር ስበው ያስቀምጧትና በአናቷ ላይ ያወራሉ። በዚህ በግኜ ሳላበቃ፣ የገዛ አፌ «እህቴ የምትፈልገው…» ብሎ ሲጀምር ሰማሁት።

«ዝም በል አንተ፣ መጠየቅ ያለበት እኔን ነው» አለች ይመኙሻል፤ ማይኩንም ከእጄ ወሰደች።